ከደባርቅ እስከ ራስ ደጀን በእግር፦ የጉዞው አገልግሎት ለአገር ልጅ ምን ያህል ይመቻል?

ተወልጄ ያደግሁት ዳባት ነው። ደባርቅ ጎረቤታችን ሆኖ ሳለ የሰሜን ተራሮችን ብሔራዊ ፓርክ በእግሬ ሳልረግጥ አርባ ዓመት ማለፉ ሲቆጨኝ ኖሯል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከደባርቅ ተነሥተን፣ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅና አምቢቆ በተባሉት ካምፖች አድርገን ራስ ደጀን ወጣን፤ በስምንተኛውም ቀን ደባርቅ ተመለስን። ይህን የምጽፈው በዚያው መንገድ ለመሄድ የሚያስቡ ሰዎች፣ በተለይም የአካባቢው ተወላጆች፣ ገንዘባቸውን በየትኛው አገልግሎት ላይ ማዋል እንደሚገባቸውና የትኛው ቢቀር እንደማይጎዳቸው ዐውቀው እንዲነሡ ነው።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ደባርቅ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያ ተመዝግቦ መግቢያ ይከፈላል፤ የኢትዮጵያዊ ክፍያ ከውጭ ዜጋው እጅግ ያነሰ ነው። ጠመንጃ የያዘ ስካውት (አጃቢ ጠባቂ) ይመደባል፤ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ከነነጂው ደግሞ እንደ ተጓዡ ፍላጎት ይያዛሉ። የእኛ ጉዳይ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አልቋል፤ ሠራተኞቹም የጠየቅነውን ሁሉ በትዕግሥት አስረድተውናል።

ቅሬታዬ ያለው ከዚያ በፊት፣ ጎንደር ላይ ባነጋገርነው አንድ የጉዞ ወኪል ላይ ነው። ሰውየው በእግር ከደባርቅ መነሣት እንደምንፈልግ ስንነግረው፣ «አበሻ ጭላዳ አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ በዕለቱ ይመለሳል» ብሎ የአንድ ቀን የመኪና ጉዞ ሊሸጥልን ብዙ ደከመ። በመጨረሻ ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ብቻ ተከራየነው። ለቅዝቃዜ የሚበቃ ነው ብሎ የሰጠን ስሊፒንግ ባግ ግን ስስ ነበረ፤ በኅዳር ግጭ ላይ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ስለሚያድር፣ ሁለት ሌሊት ያሳለፍነው በጋቢና በበቅሎ ነጂያችን ባርኖስ ነው። ስሊፒንግ ባግ የሚከራይ ሰው ከከተማ ሳይወጣ ዘርግቶ፣ ውስጡ ገብቶ፣ ዚፑንም ዘግቶ ይሞክረው።

ብዙዎች እስከ ሳንቃበር በመኪና ሄደው ከዚያ መራመድ ይጀምራሉ። እኔ አልመክርም። ከደባርቅ በእግር የሚነሣ ሰው ሁለት ቀን ይጨምርበታል፤ በምትኩ ግን የገብስ አውድማ፣ የአጨዳ ዘፈንና «እንዴት አደራችሁ» የሚል መንገደኛ ያገኛል፤ ሰውነቱም 3,250 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ሳንቃበር ከመድረሱ በፊት አየሩን ቀስ በቀስ ይለምዳል። ግጭ ላይ ያገኘናቸው፣ በመኪና የመጡ ተጓዦች በራስ ምታት ተኝተው ሲሠቃዩ እኛን ምንም ያልነካን በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እርግጥ ነው፣ ወደ ጃናሞራ የሚያልፈው የመኪና መንገድ እየደጋገመ ያገኝዎታል፤ የጭነት መኪና አቧራም ያለብሳል። በዚህ ጊዜ ስካውቱን በገደሉ ጠርዝ በኩል እንዲወስድዎ ይጠይቁት።

ከሳንቃበር ወደ ግጭ የጅንባርን ወንዝ መሻገር አለ። ፏፏቴው 500 ሜትር ያህል ወደ ገደሉ ሲወረወር ከማዶ ቆሞ ማየት ይቻላል። በማግስቱ ከግጭ ወደ ጨነቅ የተጓዝነውን ቀን ግን ከሁሉ አስበልጣለሁ። መንገዱ በጓሳ ሣርና ጅብራ በተባለው የደጋ ተክል መካከል አልፎ፣ 3,926 ሜትር ላይ ወዳለው እሜት ጎጎ ወደተባለ ጫፍ ያደርሳል፤ ከዚያ ሆኖ ቁልቁል ሲታይ ቆላው እንደ ግንብ በቆሙ አምባዎች ተሞልቶ እስከ አድማስ ይዘረጋል። በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ፓርኩን የጎዳው ቃጠሎ ያጠቆረው አስታ የተባለው ዛፍ በየዳገቱ አሁንም ይታይ ነበር፤ ከሥሩ አዲስ ቀንበጥ ሲያወጣ ባየሁ ጊዜ ደስታዬን መግለጽ አቅቶኛል። ጨነቅ እንደ ደረስን ደግሞ ሦስት ዋልያዎች ከካምፑ በላይ ባለው ገደል ላይ ቆመው አየን። ዋልያ በዓለም ላይ ከነዚህ ተራሮች በቀር የሚኖርበት ስፍራ የለም፤ ይህን በትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፣ ያመንሁት ግን በዚያ ሰዓት ነው።

አስጎብኚ አልያዝንም፤ ቋንቋው የእኛው ስለሆነ ጉድለቱ አልተሰማንም። ስካውታችን በኮንጎ ጫማ ዳገቱን እንደ ሜዳ የሚሄድ፣ ጥቂት ተናጋሪ ሰው ነበረ። የበቅሎ ነጂውን ግን ከሁሉም አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ስንቸኩል «ወንድም ዓለም፣ ተራራ አይሸሽም፤ ረጋ በል» እያለ እርምጃችንን ገራልን፤ የምንጭ ውኃ ያለበትንና የደረቀበትን፣ ከሰዓት በኋላ ደመና የሚወርድበትን ሸንተረር ያውቃል። ዋጋውን ሲስማሙ አንድ ነገር አይርሱ፦ በቅሎው ወደ ደባርቅ የሚመለስበት ቀንም ይከፈላል። ይህን አስቀድሞ ስለነገረን በመጨረሻ ክርክር አልተነሣም።

ምግብ አብሳይም አያስፈልግም ባይ ነኝ። እናታችን ያዘጋጁልን ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ለስምንት ቀን በቅቶናል፤ ለሻይና ለሽሮ የሚሆን ትንሽ ምድጃ ብቻ ነው የያዝነው። በየካምፑ ያለው መጸዳጃ ቤት ግን ሊሻሻል ይገባል፤ ሳንቃበር ላይ በሩ አይዘጋም ነበር፣ አምቢቆ ላይ ደግሞ ውኃ ከሩቅ ነው የሚቀዳው።

ከጨነቅ በኋላ ያለው መንገድ ለደካማ ጉልበት አይሆንም። በቧሂት ተራራ በኩል ወደ 4,200 ሜትር ከወጡ በኋላ፣ 2,800 ሜትር አካባቢ ወዳለው የመሸሃ ወንዝ በአንድ ቀን መውረድ፣ ከዚያም መልሶ ወደ አምቢቆ መውጣት ግድ ነው። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሥተን ራስ ደጀን ስንደርስ እኩለ ቀን ሊሆን ነበር። ከፍታው 4,550 ሜትር ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ግን እንደ ክምር የተደራረበ ዐለት ብቻ ስለሆነ፣ ለእይታ ከሆነ እሜት ጎጎ ይበልጣል። ጊዜው አጭር የሆነበት ሰው ከጨነቅ ቢመለስ ጉዞው ጎደለ አልለውም።

እኛ ከጨነቅ ወደ ደባርቅ የተመለስነው በመኪና ነው፤ አሁን ሳስበው በዚህ ተሳስተናል። ከጨነቅ ሶና፣ መቀረቢያና ሙሊት በተባሉ ቦታዎች አድርጎ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ መንገድ አለ፤ ደጋውን ጨርሶ ቆላ ያገባል። ከዚያው ከበቅሎ ነጂያችን ጋር ለቀጣዩ ጥቅምት ቀጠሮ ይዘን ነበር፤ ስሊፒንግ ባጉን ግን ለዚያ ጉዞ ራሴ ገዝቻለሁ።