«ደረቅ ወይራ» ተብሎ የሚሸጠውን እርጥብ እንጨት ተጠንቀቁ

ቶርኖ ላይ የቁንዶ በርበሬና የጨው መፍጫ የምትሠሩ፣ በተለይ ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ግን ሌላ ሰው ከመታለሉ በፊት መጻፍ አለብኝ።

የነጋዴውን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ጠረጴዛው ላይ የተወለወለ ናሙና ያስቀምጣል፣ «ሁለት ክረምት ያለፈው ወይራ ነው» ይላል፣ ቁራጩን ከቁራጭ አጋጭቶ ድምፁን ያሰማል፣ ከዚያ የእርጥበት መለኪያውን ጎኑ ላይ ወጋ አድርጎ 11 በመቶ ያሳያል። 6 በ6 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 25፣ ጫፍና ጫፉ ሰም የተቀባ፣ አንዱ 350 ብር። «አንዱን መሀሉ ላይ ቆርጠን እንየው» ሲባል መልሱ «ከተቆረጠ ተገዝቷል» ነው። 40 ቁራጭ ወሰድኩ፣ ክፍያው ሙሉ በሙሉ ቅድሚያ።

11 የሚለው ቁጥር ውሸት አይደለም፤ ማታለያውም እሱ ነው። የመለኪያው መርፌ የሚገባው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እርጥብ እንጨት ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ላዩ ይደርቃል፣ ሆዱ እንደረጠበ ይቀራል። ከዚያው ክምር የመጣ ቁራጭ መሀሉ ተቆርጦ ወዲያው ሲለካ 26 አሳየ። ፑንታው ሲገባም ያስታውቃል፤ የደረቀ ወይራ ሰጋቱራ ብን ብሎ ይወጣል፣ የዚህኛው ቀዳዳው ውስጥ ይጋገራል፣ ጣት ላይ ይለጠፋል።

ለሌላ ዕቃ ቢሆን ባልከፋ። መፍጫ ግን በሚሊ ሜትር የሚሠራ ነገር ነው። የቀዳዳዎቹ ስፋት ታች ለመፍጫው ጥርስ 41 ሚሊ ሜትር፣ አካሉን ከላይ እስከ ታች 27፣ ጭንቅላቱ ላይ ለዘንጉ 6 ወይም 7። ጭንቅላቱ አካሉ ውስጥ የሚገባበት አንገት ላይ የሚተወው ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንጨት እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ መኮማተር ይጀምራል፤ በእንጨቱ የዕድገት ቀለበት ዙሪያ የሚኮማተረው ደግሞ ከመሀል ወደ ውጭ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ክቡ ቀዳዳ ሞላላ ይሆናል፣ አንገቱም ሞላላ ይሆናል። ሁለቱ አቅጣጫቸው ሲገጥም ይገባሉ፤ ሩብ ዙር ሲዞር ንክስ አድርጎ ይይዛል። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ እንደ ልብ ሲዞር የነበረ መፍጫ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ የተቆለፈው በዚህ ነው። 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው እኮ፣ ሙቀቱ የቀረውን ውኃ ያወጣዋል! የጨው ሲሆን የባሰ ነው፤ ከእንጨቱ የሚወጣው እርጥበት ጨውን ያጋግረዋል፣ የማይዝግ የሴራሚክ ጥርስ ቢገባለትም አይፈጭም።

ሌላው ጉድ እምብርቱ ነው፤ እንጨቱን መሀል ለመሀል የሚያልፈው ለስላሳ ክፍል ማለቴ ነው። ክምሩ ውስጥ ከግንድ የተሰነጠቀው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው እምብርቱ መሀሉ ላይ ያለ ቅርንጫፍ ነው። አካሉ ላይ 27ቱ ፑንታ እምብርቱን ከነዙሪያው ጠርጎ ያወጣዋል። ጭንቅላቱ ላይ ግን ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ዙሪያው እዚያው ይቀራል፣ ሲደርቅ እንደ ኮከብ ይሰነጠቃል። ያውም ቨርኒሹ ካለቀ በኋላ።

የተሰነጠቁትን ይዤ ስመለስ በር ላይ ማንም የለም፤ ወደ ጓሮ ዘለቅኩ። አንድ ልጅ ልጡ ገና ያልተላጠ፣ መጋዙ ሲያልፍበት ውኃ የሚያወጣ ቅርንጫፍ እየቆራረጠ፣ ጫፉን ከሰል ላይ በቀለጠ ሰም እየነከረ፣ ጎኑ ላይ በጠመኔ «ደረቅ» ብሎ ይጽፋል። ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል። አልደነገጠም፣ ከወንበሩም አልተነሳም። የተሰነጠቀውን ጭንቅላት ከእጄ ተቀብሎ አገላበጠና ለልጁ እያሳየ «ቶርኖ የማያውቅ እንጨት ይወቅሳል» አለ። ልጁ ሳቀ። ገንዘቤን ስጠይቅ «የተነካ አንመልስም፤ ያልተነካውን አምጣና በግማሽ ዋጋ እወስድልሃለሁ» አለኝ። ለምን እንደሚወስደው ግልጽ ነው፤ ለሚቀጥለው ሰው በሙሉ ዋጋ ሊሸጠው!

ሰም መቀባቱ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ እርጥብ እንጨት ጫፉ ቀድሞ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ የሚደረግ ትክክለኛ ሥራ ነው። ደርቆ ያለቀ እንጨት ግን ሰም አያስፈልገውም። ሰም ያለበትን እንደ እርጥብ ቁጠሩት፣ የምትከፍሉትም የእርጥብ ዋጋ ይሁን።

ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ከፍላችሁም ቢሆን መሀሉን አስቆርጡና አዲሱ ፊት ላይ ለኩ፤ ከ12 በላይ ከሆነ ተዉት። መለኪያ ከሌላችሁ ሚዛን ላይ አድርጉት፣ ክብደቱን እላዩ ላይ ጻፉ፣ በሳምንቱ ድገሙት፤ ከቀነሰ አልደረቀም። ቀድማችሁ የገዛችሁ አትጣሉት። መሀሉን በ22 ፑንታ ብሱት፣ ውጭውን ወፈር አድርጋችሁ ተዉት፣ ነፋስ በቀጥታ የማይመታው ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ያኔ 27ቱንና 41ዱን ብሱ።