የናሳ ‹አይስ› ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ ወዳጅ ምን ይፈይዳል?

ጁፒተር አጠገብ ያለ የመርከብ አዛዥ ምድር ላይ ካለ አለቃው ጋር ቃል በቃል ሲጨቃጨቅ በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞች ማየት የተለመደ ነው። እንዲህ እንደማይሆን አብዛኛው ተመልካች ያውቃል። በዚያች ዕለት አንዱ ንግግር ለመድረስ 33 ደቂቃ ይፈጅ እንደሆነ ወይስ 54፣ ይህን ለመመለስ ግን ሁለቱ ፕላኔቶች የት የት እንደነበሩ ማየት ያስፈልጋል። የናሳው ጄፒኤል (ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ) ያዘጋጀው ‹አይስ› (Eyes፣ ‹ዓይኖች›) የሚባለው የመሣሪያዎች ስብስብ የሚጠቅመው ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው። በማሰሻ የሚከፈት፣ በሦስት አቅጣጫ የሚዞር የሥርዓተ ፀሐይ ሞዴል ነው። እንደ ሰዓትና እንደ ሜትር ሲጠቀሙበት ወደር የለውም፤ እንደ ሥዕል አልበም ሲያዩት ግን ሊያሳስት ይችላል።

ክፍያ የለውም፣ አካውንትም አይጠይቅም። ማሰሻው ዌብጂኤልን፣ ማለትም በገጽ ላይ ባለ ሦስት አቅጣጫ ሥዕል የሚያሳየውን ቴክኖሎጂ፣ ማስኬድ አለበት። ገጹ ተከፍቶ ጥቁር ሆኖ ከቀረ በመጀመሪያ በማሰሻው ቅንብር ውስጥ ሃርድዌር አክሰለሬሽን መብራቱን ተመልከቱ፤ ጠፍቶ ከሆነ የሥዕሉ ሥራ በሙሉ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቅና ምስሉ ይንቀራፈፋል ወይም ጭራሽ አይመጣም። ሌሎች ክፍት ገጾችን መዝጋትም ይረዳል። በስልክም ይሠራል፤ ነገር ግን ስክሪኑ ስለሚጠብ ለረጅም ቆይታ ኮምፒውተር ይሻላል።

ዋናው ክፍል ‹አይስ ኦን ዘ ሶላር ሲስተም› ከ1950 አካባቢ እስከ 2050 አካባቢ ያለውን ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ያስኬዳል። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጉልበቱን ለማየት ሰዓቱን ወደ ኖቬምበር 18, 2023 መልሱና ሥርዓተ ፀሐይን ከላይ ተመልከቱ፤ ምድርና ማርስ በፀሐይ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይታያሉ። ናሳ ከኖቬምበር 11 እስከ 25 ድረስ ወደ ማርስ ትእዛዝ መላክ ያቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ከፀሐይ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ የሬዲዮ ሲግናሉን ያበላሻል፤ ተቆርጦ የደረሰ ትእዛዝ ደግሞ ካልደረሰ ትእዛዝ የባሰ አደጋ አለው። ቀጥሎ ወደ ጁላይ 2020 ሂዱ። የኤምሬትስ ‹ሆፕ›፣ የቻይና ‹ቲያንዌን 1› እና የናሳ ‹ፐርሲቪራንስ› በሁለት ሳምንት ውስጥ ተከታትለው የተነሡት ለእሽቅድምድም አልነበረም፤ ወደ ማርስ በትንሽ ነዳጅ የሚያደርሰው አሰላለፍ የሚመጣው በየ26 ወሩ ስለሆነ ነው። ጀግናው ባሰኘው ቀን ወደ ማርስ የሚነሳበትን ድርሰት ለመመዘን ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አይገኝም።

አንድ ጥንቃቄ፦ ጊዜውን ካፈጠናችሁ በኋላ ‹ላይቭ› የሚለውን ሳትጫኑ የዛሬ ዜና ለማጣራት አትሞክሩ። መንኮራኩሩ ዜናው ካለው ቦታ የጠፋ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ሌላ ዓመት ላይ ስለቀረ ነው።

ወደ ‹ዲኤስኤን ናው› እንለፍ፤ ዲኤስኤን (ዲፕ ስፔስ ኔትወርክ) ናሳ ከሩቅ መንኮራኩሮች ጋር የሚገናኝበት የዲሾች መረብ ነው። ከስብስቡ አንድ ብቻ ምረጡ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ ሥዕሉ ተራ ነው፣ ይዘቱ ግን እውነተኛ የሥራ መረጃ ነው። ናሳ ከሩቅ መንኮራኩሮቹ ጋር የሚገናኝባቸው ሦስት ጣቢያዎች ካሊፎርኒያ ጎልድስተን፣ ማድሪድ አጠገብና ካንቤራ አጠገብ ይገኛሉ። በመሬት ዙሪያ በ120 ዲግሪ ገደማ ስለተራራቁ መሬት ብትዞርም ቢያንስ አንዱ ወደሚፈለገው አቅጣጫ ያያል። በገጹ ላይ እያንዳንዱ ዲሽ ከየትኛው መንኮራኩር ጋር እየተገናኘ እንደሆነ በምህጻረ ቃል ይጻፋል፤ ‹ቪጂአር 1› ቮዬጀር 1 ነው፣ ‹ጄደብልዩኤስቲ› ደግሞ ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ። ዲሹን ስትጫኑ ርቀቱ፣ የሲግናሉ የደርሶ መልስ ጊዜ፣ የዳታ ፍጥነቱና የደረሰው ሲግናል ኃይል ይዘረዘራል። በየጥቂት ሰከንዱም ይታደሳል።

ቁጥሮቹን ማንበብ ትንሽ ልምድ ይጠይቃል። ኃይሉ በዲቢኤም ይለካል፤ በዚህ መለኪያ በ10 መቀነስ ማለት ኃይሉ አንድ አሥረኛ ሆነ ማለት ነው። ሲቀነስ 160 ዲቢኤም አንድ ዋትን ከአንድ ቀጥሎ 19 ዜሮ ላለው ቁጥር እንደማካፈል ነው። የቮዬጀር ሲግናል ከሲቀነስ 150 በታች የሚወርድ ሲሆን ሳይንሳዊ መረጃውም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በሰከንድ 160 ቢት ነው። በዚህ ፍጥነት አንድ ሜጋባይት ለማውረድ 14 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በየልብ ወለዱ ከጠፈር ጫፍ ቪዲዮ ለሚልኩ ሰዎች ይነገርልን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዳታ ፍጥነቱ ዜሮ ሲሆን ወይም የመንኮራኩሩ ስም ሲጠፋ ነው፤ ወዲያው ‹ሞተ› የሚል ወሬ ይነሳል። ዜሮ ማለት ዲሹ ሲግናሉን ገና እየፈለገ ነው፣ ወይም ዳታ ያልተጫነበት ሞገድ ብቻ እየመጣ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ስም መጥፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተራው ስላልደረሰ ነው፤ ዲሾቹ ጥቂት፣ መንኮራኩሮቹ ብዙ ናቸው። ቮዬጀር 2 በደቡብ ሰማይ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ትእዛዝ የሚላክለት ከካንቤራው ባለ 70 ሜትር ዲሽ ብቻ ነው። ያ ዲሽ በማርች 2020 ለእድሳት ሲቆም ለወራት ትእዛዝ አልሄደለትም፣ መንኮራኩሩ ግን ደህና ነበር። በተቃራኒው ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ቮዬጀር 1 ሲግናል ሳያቋርጥ የማይነበብ መረጃ ሲልክ ከረመ፤ ከማህደረ ትውስታው አንድ ቺፕ ተበላሽቶ ኖሮ መሐንዲሶቹ ኮዱን ቆራርጠው ወደ ሌላ ቦታ በማዛወር በኤፕሪል 2024 መለሱት። እንዲህ ያለውን ችግር ይህ ገጽ አይነግራችሁም፤ ሲግናል መኖሩን እንጂ ትርጉም ያለው መሆኑን አያሳይም። የቻይና ጉዞዎችም የራሳቸው ጣቢያዎች ስላሏቸው እዚህ አይፈለጉም።

‹አይስ ኦን አስትሮይድስ› ለዜና ማጣሪያ ጥሩ ነው፣ ለዓይን ግን ውሸታም። አስትሮይዶችን፣ ማለትም በፀሐይ ዙሪያ የሚዞሩ ድንጋዮችን፣ የሚወክሉት ነጥቦች ምድርን እንደ ንብ መንጋ የከበቧት ይመስላል። እያንዳንዱ ነጥብ በስክሪኑ ላይ የያዘው ቦታ ከእውነተኛው ድንጋይ እጅግ የሚበልጥ በመሆኑ ነው። በማርስና በጁፒተር መካከል ያለው የአስትሮይድ ቀበቶ እንኳ ጠቅላላ ክብደቱ ከጨረቃ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ መንኮራኩሮች ድንጋይ ለመሸሽ ሳይጠማዘዙ ያልፉበታል። ‹ወደ ምድር እየቀረበ ነው› የሚል ርዕስ ስታዩ የሚያልፍበትን ርቀት ፈልጉና ለ384,400 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ለጨረቃ አማካይ ርቀት አካፍሉት። መሣሪያው እስከ 7.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያለውን እንደ ቅርብ ማለፍ ስለሚቆጥር ‹ቅርብ› የተባለው ከጨረቃ 19 እጥፍ ሊርቅ ይችላል። የመጋጨት ዕድልን በተመለከተ ግን የሚያሳየው አንድ መስመር ስለሆነ አይበቃም። 2024 ዋይአር4 የተባለው አስትሮይድ በ2032 ምድርን የመምታት ዕድሉ በፌብሩዋሪ 2025 እስከ 3.1 በመቶ ወጥቶ በቀናት ውስጥ ወረደ። ምህዋሩ አልተለወጠም። አዳዲስ ልኬቶች ሲገቡ ሊያልፍበት የሚችለው ሰፊ ክልል ጠበበ፤ ምድር በጠበበው ክልል ውስጥ እስካለች ድረስ ድርሻዋ ይጨምራል፣ ከወጣች ደግሞ ዕድሉ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ‹አይስ› ይህን ክልል ቢያሳይ ኖሮ ብዙ ድንጋጤ ይቀንስ ነበር።

ደካማው ክፍል የሩቅ ከዋክብት ፕላኔቶችን የሚያሳየው ነው። 40 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀው ትራፒስት 1 የተባለው ኮከብ ሰባት ፕላኔቶች እያንዳንዳቸው ቀለምና ገጽታ ተሰጥቷቸዋል፤ ገጽታቸውን ግን ማንም አላየም። የታወቁት ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ከሚቀንሰው ብርሃን ነው። መጠኑንና የዓመቱን ርዝመት ውሰዱ፣ ቀለሙን ተዉት።

ለድርሰት ወይም ለክርክር ትክክለኛ ቁጥር የሚፈልግ ሰው ከ‹አይስ› ወጥቶ የሰማይ አካላትንና የመንኮራኩሮችን ቦታ ወደሚያሰላው ወደ ጄፒኤል ‹ሆራይዘንስ› መሄድ አለበት። ውበት የለውም፣ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። በዒላማው ቦታ ለማርስ 499፣ ለቮዬጀር 1 ደግሞ -31 አስገቡ፤ ማርስን በ4 ብትጠሩት የሚመጣው ፕላኔቱ ሳይሆን የእርሱና የጨረቃዎቹ የጋራ የክብደት ማእከል ነው። ተመልካቹን መሬት ማእከል ላይ ተዉት፣ መነሻና መድረሻ ቀን ስጡ፣ ከዝርዝሩ 20ኛውንና 21ኛውን ምረጡ። የመጀመሪያው ርቀትና የርቀት ለውጥ ፍጥነት፣ ሁለተኛው ብርሃን በአንድ አቅጣጫ የሚፈጅበት ደቂቃ ነው። ርቀቱ በአስትሮኖሚካል ዩኒት (የምድርና የፀሐይ አማካይ ርቀት ገደማ) ከመጣ በ149,597,870.7 አባዙት፣ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለቮዬጀር 1 ዓመቱን ሙሉ ካወጣችሁ በጥቂት ወራት የርቀት ለውጡ ፍጥነት ሲቀነስ ምልክት ይዞ ይመጣል። ስህተት አይደለም፤ መንኮራኩሩ ከፀሐይ የሚርቀው በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ምድር በምህዋሯ በሰከንድ 30 ስለምትበር፣ በእነዚያ ወራት ምድር ራሷ እየደረሰችበት ነው።