ረፍሴልን 11 ወር ተጠቅሜ

ፕሮግራሜ 11 ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳይወድቅ ሠራ። ከዚያ አንድ ፋይል ሰረዝኩና ወደቀ።

ይህን የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው። ባይወድቅ ኖሮ ስለ ረፍሴል አንድ መስመርም አልጽፍም ነበር። ሌላው ሌላው ደህና ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቅሬታ የለኝም።

ለማያውቀው ላስረዳ። ራስት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ አንድን ዳታ ወይ ብዙዎች ያዩታል፣ ወይ አንድ ብቻ ይቀይረዋል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሆንም። ይህን ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው፣ ይቆጣጠራል፣ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ። ግን ብዙ ክፍሎች የሚያዩትን ዳታ መቀየር ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። መደበኛው ላይብረሪ ለዚህ ሴል እና ረፍሴል የሚባሉ መያዣዎች አሉት። ከውጭ ሲያዩዋቸው የማይቀየሩ ናቸው፣ ውስጣቸው ግን ይቀየራል። ሁለቱም ለአንድ ትሬድ (ጎን ለጎን ከሚሄዱ የሥራ መስመሮች አንዱ) ብቻ ናቸው፤ ለብዙ ትሬድ ሚውቴክስ አለ።

ረፍሴል ሕጉን አይሽርም። ሕጉ የሚታይበትን ሰዓት ነው የሚያዘገየው። ውስጡ ቆጣሪ አለው፣ በ64 ቢት ማሽን ላይ 8 ባይት። ለማየት የተዋሰ ቆጣሪውን ከፍ ያደርጋል፣ ሲመልስ ዝቅ ይላል። ለመቀየር የሚመጣ ካለ ግን ዕቃው ማንም እጅ ላይ መገኘት የለበትም። ከተገኘ ፓኒክ ነው፣ ፕሮግራሙ በዚያው ይወድቃል።

የኔ ፕሮግራም ማስታወሻ መጻፊያ ነው፣ ፋይሎቹንም ይከታተላል። አንድ ፋይል ሲቀየር የተመዘገቡትን አድማጮች (ለውጥ ሲኖር የሚሠሩ የኮድ ክፍሎች ናቸው) በየተራ ይጠራል። የአድማጮቹ ዝርዝር ረፍሴል ውስጥ ነበር። ዝርዝሩን ለማየት እዋሳለሁ፣ ሉፕ ውስጥ እገባለሁ፣ አንድ በአንድ እጠራለሁ። ከነዚህ አንዱ አድማጭ የሚከታተለው ፋይል ሲሰረዝ ራሱን ከዝርዝሩ ያወጣል። ለማውጣት ዝርዝሩን ለመቀየር መዋስ አለበት። ዝርዝሩ ግን በዚያች ሰዓት ሉፑ እጅ ላይ ነው፣ ገና አልተመለሰም። 11 ወር ሙሉ ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ ፋይል ሰርዤ አላውቅም ማለት ነው። ስህተቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር። ሴቭ ያላደረግኩት የሦስት ሰዓት ጽሑፍ አብሮ ሄደ።

የበለጠ ያናደደኝ ደግሞ ፍለጋው ነው። የፓኒኩ መልእክት ሁለተኛው ተዋሽ የቆመበትን መስመር ያሳያል። ዕቃው ተውሷል ይላል፣ ማን እንደተዋሰው ግን አይናገርም። እኔ የምፈልገው ደግሞ መጀመሪያ የወሰደውን ነው! ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

«ኮምፓይል ካደረገ ይሠራል» ብለው ራስትን ያስወደዱኝ ሰዎች አሁን ፊቴ ቢቀርቡ የምላቸው አለኝ። ረፍሴል በገባበት ቦታ ያ አባባል አይሠራም። ኮምፓይለሩ ኃላፊነቱን ለእኔ መልሶ ሰጥቶኛል፣ ይህን መጀመሪያ መናገር ነበረባችሁ። «ከመውደቅ ይልቅ ኤረር የሚመልሰውን ትራይ ቦሮው ሚውት ትጠቀም ነበራ፣ ከ1.13 ጀምሮ አለ» ይሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ልጠቀም። ዕቃው ተይዟል የሚል ኤረር መጣልኝ። ከዚያስ? አድማጩን ሳላወጣ ዝም ብዬ ልመለስ?

አንድ ነገር ግን ላመስግን። በ2024 እትም፣ ከስሪት 1.85 ጋር የመጣው ማለቴ ነው፣ በኢፍ ሌት (ቅርጹ ከገጠመ የሚለው ቅድመ ሁኔታ) የተዋስነው ኤልስ (ካልገጠመ የሚሠራው ክፍል) ከመጀመሩ በፊት ይመለሳል። ድሮ ኤልስ ውስጥም እንደተያዘ ይቆይ ነበር፣ በዚያም ተቃጥያለሁ። ብዙ አማራጮችን የሚያነጻጽረው ማች ግን አሁንም እስከ መጨረሻው ቅንፍ ይዞ ይቆያል፣ ተጠንቀቁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ፊቴን ወደ ሴል አዞርኩ። ሴልን ድሮ ንቄው ነበር። በፈረንጆቹ 2015 ራስት 1.0 ሲወጣ ሴል የሚይዘው ኮፒ የሚሆኑ ነገሮችን ብቻ ነበር፤ ቁጥር፣ ቡሊያን፣ እንዲህ ያሉ። በ2017 በስሪት 1.17 ሰፋ። ሪፕሌስ (ያለውን አውጥቶ በአዲስ የሚተካ) እና ቴይክ (ያለውን አውጥቶ ባዶ የሚተው) መጡ፣ ስትሪንግም ዝርዝርም ማስቀመጥ ተቻለ። ሴል አያውስም። ወይ ያለውን አውጥቶ ይሰጣችኋል፣ ወይ አዲስ ይቀበላል። ወደ ውስጡ የሚያመለክት ሪፈረንስ ስለማይሰጥ ቆጣሪ አያስፈልገውም፣ ፓኒክም የለም። ይህን ሁሉ ዓመት ከአጠገቤ ነበር።

ሽግግሩ ግን እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። ዝርዝሩን በቴይክ ሳወጣ ሴሉ ውስጥ ባዶ ዝርዝር ይቀራል። ሉፑ እየሄደ አዲስ አድማጭ ቢመዘገብ የሚገባው ባዶው ውስጥ ነው። እኔ ሳላይ አሮጌውን ብመልስ አዲሱ ይጠፋል። ራሱን ሊያወጣ የመጣውም ባዶ ዝርዝር ውስጥ ራሱን ፈልጎ ያጣል። ስለዚህ የሚወጡትን አድማጮች መለያ ቁጥር በሌላ ሴል መዘገብኩ። ሉፑ ሲያልቅ አዲስ የገቡትን ከአሮጌዎቹ ጋር እቀላቅላለሁ፣ የሚወጡትን እቀንሳለሁ፣ ከዚያ እመልሳለሁ። ብዙ መስመር አይደለም፣ ግን ማሰብ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ነው ከላይብረሪው ጋር የምከራከረው። በ1.88 አፕዴት የሚባል የሴል ሜተድ (በዕቃው ላይ የሚጠራ ትእዛዝ) መጣ፣ ሰኔ 2025። ከ2018 ጀምሮ ለሙከራ ተቀምጦ የቆየ ነገር ነው። አውጥቶ፣ አንድ ጨምሮ፣ መልሶ ማስቀመጥ በአንድ ጥሪ ሆነ። ቆጣሪዎቼን ሁሉ በዚያው ምሽት ቀየርኩ፣ ኮዱ ሲነበብ ደስ ይላል። ግን ኮፒ ለሚሆኑት ብቻ ነው። ለዝርዝርስ? አውጥቶ የሚሰጠኝ፣ ስጨርስ ራሱ የሚመልስ አንድ ሜተድ እፈልጋለሁ። በየፕሮጀክቴ ራሴ እየጻፍኩት ነው።

የሚቃወሙት ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። «መሃል ላይ ሌላ ሰው ያንኑ ሴል ቢከፍት ባዶ ያገኛል፣ ረፍሴል ቢያንስ ጮኾ ይወድቃል፣ ያንተው ዝም ብሎ ይሳሳታል።» እውነት ነው፣ እኔም ላይ ሊደርስ ነበር። ግን ቴይክ እና «ሴት» (አዲስ የሚያስቀምጠው ሜተድ) እያሉ ያው አደጋ እጃችን ላይ ነው፣ ሜተዱ ባይኖርም። በአንድ ቦታ ቢጻፍ ማስጠንቀቂያውም እዚያው ዶክመንቱ ላይ ይጻፍ ነበር።

ከረፍሴሎቼ ግማሽ ያህሉ ደግሞ መጀመሪያውኑ ረፍሴል መሆን አልነበረባቸውም። አንዴ ተጽፈው ከዚያ የሚነበቡ ብቻ ነበሩ። ለእነሱ ዋንስሴል በ1.70፣ ሌዚሴል በ1.80 መደበኛው ላይብረሪ ውስጥ ገብተዋል። ቀየርኳቸው፣ ረሳኋቸው። የቀረኝ አንድ ብቻ ነው፣ ሴቲንግ የሚያነበው። ፋይል ማንበብ ሊከሽፍ ይችላል፣ የሚከሽፍ ማስጀመሪያን የሚቀበለው የዋንስሴል ሜተድ ደግሞ እኔ በምጠቀምበት 1.88 ገና ሙከራ ላይ ነው። እሱን እየጠበቅኩ ነው።

ታዲያ በረፍሴል ተጸጽተሃል ወይ ብትሉኝ፣ ዛሬ አዎ እላለሁ። ያ የሦስት ሰዓት ጽሑፍ ገና አልወጣልኝም። ከ23 ረፍሴል 4 ቀርተዋል። አራቱም ጋ ውሰቱ በአንድ መስመር ይጀምራል፣ በዚያው መስመር ያልቃል፣ መሃሉ ላይ የሌላ ሰው ኮድ አይጠራም።

ትናንት ያንኑ ፋይል ሦስት ጊዜ ፈጥሬ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። አድማጩ ሦስቴም ራሱን አወጣ። ፕሮግራሙ አሁንም ክፍት ነው፣ ይህንንም የጻፍኩት በእሱ ነው።