አንኪ፦ ለባሕር ዳር ተፈታኝ የሚሆን የክለሳ መተግበሪያ?

የፈተና ሰሞን በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በፔዳም በፖሊም ግቢ፣ ስፔስ (የማጥኛ ክፍል) ውስጥ የሚታየው አጠናን አንድ ዓይነት ነው። ሀንዳውቱ ይዘረጋል፣ ዋና ዋናው ቦታ በቢጫ ይቀለማል፣ ከዚያ ያው ገጽ ሦስቴ አራቴ ይነበባል። ገጹ እየተለመደ ሲመጣ ተማሪው «ይዤዋለሁ» ብሎ ያልፋል። የለመደው ግን ዓይኑ ነው። ፈተናው ላይ ገጹ አይኖርም፤ ከራስ ፈልጎ ማውጣት ብቻ ነው የሚቀረው።

አንኪ የተሠራው ለዚህ ክፍተት ነው። በአንድ በኩል ጥያቄ፣ በሌላው መልስ ያለበት ካርድ ያሳያል፤ መልሱን ከራሳችሁ ካወጣችሁ በኋላ ካርዱን ገልብጣችሁ ታመሳክራላችሁ፤ ከዚያ ምን ያህል እንዳስታወሳችሁ ከአራት ቁልፎች አንዱን በመጫን ትነግሩታላችሁ። ካርዱ ነገ ይምጣ ወይስ ከሁለት ወር በኋላ፣ የሚቆርጠው እሱ ነው። እኛ የምንመዝነውም በዚህ ነው፦ «መቼ ልከልስ» የሚለውን ውሳኔ ከተማሪው ይወስዳል፣ «አውቄዋለሁ ወይ» የሚለውን ግን ለተማሪው ይተዋል። በመጀመሪያው በጣም ጎበዝ ነው። አብዛኛው ሰው የሚበላሽበት በሁለተኛው ነው።

ዋጋውን እናስቀድም። በአንድሮይድ ስልክ «አንኪድሮይድ» በሚል ስም ነጻ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። በኮምፒውተርም ነጻ ነው። በአይፎን ብቻ 25 ዶላር ገደማ አንዴ ይከፈልበታል፤ የውጭ ክፍያ የሚያስኬድ ካርድ ለሌለው ተማሪ ይህ የማይታሰብ ስለሆነ፣ አይፎን ያለው ሰው በብሮውዘር የሚከፈተውን ነጻውን አንኪዌብ ቢጠቀም ይሻላል። ስሙን አስመስለው ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቁ መተግበሪያዎች አሉና ስታወርዱ ስሙን ፊደል በፊደል አረጋግጡ።

ለዚህ ከተማ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። ከአንኪዌብ በቀር ዳታ የሚፈልገው ሲወርድና በሁለት መሣሪያ መካከል ሲመሳሰል ብቻ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ ትምህርቱን በኢንተርኔት ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ባዶ እጁን ነበር የቀረው። የአንኪ ካርዶች ስልኩ ውስጥ ናቸው። የካርድ ጥቅሉ በፋይል መልክ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ መብራት ጠፍቶም ቻርጅ እስካለ ይሠራል።

ወደ ጥናቱ እንምጣ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሙከራ፣ አንደኛው ቡድን አጭር ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በአንደኛው ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ አንባቢዎቹ በለጡ፤ 83 በመቶ አስታወሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት ደግሞ 71 በመቶ። ከሳምንት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፦ አንባቢዎቹ 40 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ። አዳር አጥንቶ ጠዋት ለሚፈተን ሰው ንባብ የሚያዋጣ የሚመስለውም፣ ትምህርቱ በሳምንቱ ብን ብሎ የሚጠፋውም ከዚሁ የተነሳ ነው። የአብነት ተማሪ ይህን ለመስማት ተመራማሪ አያስፈልገውም፤ የቃል ትምህርቱን መጽሐፍ ሳይገልጥ ከመምህሩ ፊት ቆሞ ሲል የሚያደርገው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ማራራቅ ነው። ሴፔዳና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩት፣ በሁለት ጥናት መካከል የሚሻለው ርቀት ፈተናው በራቀ መጠን ይረዝማል። ከሳምንት በኋላ ለሚጠየቅ ነገር የአንድ ቀን ልዩነት በቂ ሲሆን፣ ከዓመት ገደማ በኋላ ለሚጠየቅ ግን ሦስት ሳምንት ያህል የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ለአንድ ሺህ ካርድ፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ፣ በደብተር አስልቶ የሚዘልቅ ሰው የለም።

ደግሞም ብናሰላው እንኳ ስሜታችን አይፈቅድልንም። ኮርኔል እ.ኤ.አ. በ2009 በካርድ ባጠኑ ሰዎች ላይ ያገኘው ውጤት መተግበሪያውን ከየትኛውም ማስታወቂያ በላይ ያስረዳል፦ አራርቆ ማጥናት ለ90 በመቶዎቹ የተሻለ ውጤት አምጥቶ ሳለ፣ ከመጀመሪያው የጥናት ዙር በኋላ ሲጠየቁ 72 በመቶዎቹ የጠቀመን በአንዴ መሸምደዱ ነው ብለው ነበር። ሽምደዳ ቀላል ሆኖ ይሰማል፣ ቀላል የሆነ ነገር ደግሞ የገባን ይመስለናል። ተማሪው ራሱ እንዲወስን ከተተወ የሚጎዳውን ይመርጣል። ስለዚህ የክለሳ ቀኑን ለማሽን መስጠት ስንፍና አይደለም።

አሁን ወደ ማስተካከያው። ሳትነኩት ከተዋችሁት መተግበሪያው በቀን 20 አዲስ ካርድ ይሰጣል፤ ይህ ለብዙ ተማሪ ይበዛል። በግምት የቀን ክለሳ ከጊዜ በኋላ የአዲስ ካርዱን ሰባት እስከ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ 20 አዲስ ካርድ የሚቀበል ሰው ከሁለት ወር በኋላ በቀን ወደ 200 ክለሳ ይጠብቀዋል። አንዱ አሥር ሰከንድ ቢፈጅ ከግማሽ ሰዓት ያልፋል። መጀመሪያ ላይ ቀሎ ስለሚታይ ቁጥሩን 40 እና 50 የሚያደርጉ አሉ፤ በሦስተኛው ሳምንት መተግበሪያውን የሚያጠፉትም እነሱ ናቸው። ለመውጫ ፈተና ወይም ለ12ኛ ክፍል የምትዘጋጁ ከሆነ በ10 ጀምሩ። በ90 ቀን 900 ካርድ ማለት ነው፣ በደንብ ለተመረጠ ትምህርት ትንሽ አይደለም።

ቀጥሎ «ኤፍኤስአርኤስ» (የክለሳ ቀኑን የሚያሰላው አዲሱ ቀመር) የሚለውን ማብሪያ አብሩት። የቀድሞው ቀመር የፖላንዱ ቮዝኒያክ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ነው፤ አዲሱ በአንኪ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ተማሪ የክለሳ ታሪክ እየተማረ የመርሳቱን ፍጥነት ይገምታል። የማስታወስ ግቡን፣ ማለትም ካርዱ ተመልሶ ሲመጣ እንድታስታውሱት የሚፈለገውን ዕድል፣ 0.90 ላይ ተዉት። ወደ 0.97 ከፍ ቢያደርጉት የበለጠ የሚያውቁ የሚመስላቸው አሉ፤ የሚያገኙት ግን የክለሳ ክምር ነው። ለጥቂት ሳምንታት ከሠራችሁ በኋላ ቀመሩን በእናንተ የክለሳ ታሪክ የሚያስተካክለውን «ኦፕቲማይዝ» የሚለውን ተጫኑ፣ ከዚያ በወር አንዴ ይበቃል። አንድ ሌላ ነገር፦ መተግበሪያው ቀን የሚለውጠው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። አምሽቶ የሚያጠና ተማሪ ከዚያ በፊት ከጨረሰ ለዋለው ቀን ይቆጠርለታል።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን፣ ካርድ አሠራር። «ስለ ጣና ሐይቅ ግለጽ» ብሎ ጀርባው ላይ ስድስት መስመር መልስ የጻፈ ሰው ካርድ አልሠራም፣ ሀንዳውቱን ነው የገለበጠው። ከስድስቱ መስመር አራቱን አስታውሶ ሁለቱን ሲረሳ የትኛውን ቁልፍ ይጫን? መልስ የለውም። ያው ትምህርት ሲከፋፈል ይህን ይመስላል፦ «ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ የትኛው ነው?» ግልገል አባይ። «ከጣና የሚወጣው ወንዝ?» አባይ። «ጣና እንዴት ተፈጠረ?» የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋይ የወንዙን መውጫ ስለዘጋው። አንድ ካርድ፣ አንድ ጥያቄ፣ በአሥር ሰከንድ የሚያልቅ መልስ። የዓረፍተ ነገሩን አንድ ቃል የሚደብቀው «ክሎዝ» የሚባለው ዓይነትም ጥሩ ነው፤ ግን አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻ። ረጅም ከሆነ ተማሪው ትምህርቱን ትቶ የዓረፍተ ነገሩን መልክ ይሸመድዳል።

የሚቀራረቡ ነገሮች ደግሞ የራሳቸው ካርድ ይፈልጋሉ። ለአስጎብኚነት የሚዘጋጁ ሰዎች የጣና ደሴቶቹን ደቅንና ዳጋን ያምታታሉ፤ ናርጋ ሥላሴ ደቅ ላይ ነው፣ እስጢፋኖስ ግን ከደቅ አጠገብ ባለችው በዳጋ ላይ። ሁለቱን ለየብቻ አሥር ጊዜ ከመከለስ ይልቅ «ደቅና ዳጋ፦ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ የቱ ላይ ናት?» የሚል አንድ ካርድ ልዩነቱን ያስይዛል። ስምንት ጊዜ የወደቀ ካርድን አንኪ «ሊች» ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ሊች ሲመጣ የሚስተካከለው ካርዱ ነው፤ ወይ ሁለት ነገር አጭቋል፣ ወይ ከሌላ ካርድ ጋር ይምታታል።

የምርጫ ጥያቄን ከነምርጫዎቹ ካርድ ላይ አታስፍሩ። ፈተናው ምርጫ ስለሆነ እንዲህ ማጥናት ትክክል ይመስላል፤ ግን ከአምስተኛው ክለሳ በኋላ የሚታወሰው «መልሱ ሐ ነው» የሚለው ነው። ምርጫዎቹን አውጥታችሁ ጥያቄውን ብቻ አስቀሩት።

ቁልፎቹ «አጌን»፣ «ሃርድ»፣ «ጉድ» እና «ኢዚ» ይባላሉ። እዚህ ላይ አጥብቀን እንናገራለን፦ «ሃርድ» ማለት አስታውሻለሁ፣ ግን ተቸግሬ ነው ማለት ነው። የረሱትን ካርድ «ወድቄአለሁ» ላለማለት «ሃርድ» የሚጫኑ ብዙ ናቸው፤ ቀመሩ እንዳስታወሱ ቆጥሮ ካርዱን ያርቅባቸዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ይረሱታል። ከወር በኋላ «መተግበሪያው አይሠራም» የሚለው ቅሬታ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው። የሚቸገር ሰው ሁለት ቁልፍ ብቻ ይጠቀም፣ ከረሳ «አጌን»፣ ካስታወሰ «ጉድ»። መልሱን ሳያወጡ ካርዱን ቀድሞ መገልበጥም ያው ማታለል ነው። ድምፅ አውጥቶ መመለስ፣ ሰው ካለ በወረቀት ጫፍ ላይ መጻፍ ይህን ይከላከላል።

አራት ቀን ካመለጣችሁ ክምሩ 300 ሊደርስ ይችላል፣ ያን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። አዲስ ካርዱን ዜሮ አድርጉ፣ የቀን ክለሳ ጣሪያውን 100 ላይ አስቀምጡ፣ ቀስ በቀስ ይጸዳል። ማስታወሻ ደወሉን ብዙ አትመኑት፤ በከተማው በብዛት በሚገኙት ርካሽ ስልኮች ባትሪ ቆጣቢው መተግበሪያውን ከጀርባ ስለሚዘጋው ደወሉ ይቀራል። ከአንድ የቀን ልማድ ጋር ማሰር ይሻላል፤ ከፔዳ ወደ ፖሊ በባጃጅ ሲኬድ ሃያ ካርድ ያልቃል።

በአማርኛ ሲሠራ ሁለት እንቅፋት አለው። በአሮጌው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተተየበ ሀንዳውት ተቀድቶ ሲለጠፍ ዩኒኮድ ስላልሆነ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል፤ በስልኩ የአማርኛ ኪቦርድ እንደገና መተየብ ነው። ሁለተኛው፣ መልስ የሚያስተይበው የካርድ ዓይነት ፊደል በፊደል ስለሚያነጻጽር «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበን መልስ «ጸሀይ» ብሎ ለጻፈ ሰው ስሕተት ብሎ በቀይ ያሳያል። ለአማርኛ ትምህርት ያን ዓይነት ካርድ ተዉት፣ ተራው ይበቃል። ዓመተ ምሕረትም ካለ በየካርዱ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጻፉ፤ ካልተጻፈ ከስድስት ወር በኋላ የትኛው እንደነበር ካርዱን የሠራው ሰውም አያውቀውም።

በቴሌግራም የሚዞሩ ዝግጁ የካርድ ጥቅሎች እንደ ጉርሻ ይታያሉ። የተሳሳተ መልስ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ የሌላ ሰው የክለሳ ቀጠሮ አብሮ የሚመጣባቸውም አሉ። የምትልኩም ከሆነ ስታወጡት «ስኬጁሊንግ» የሚለውን ምልክት አጥፉ። ካርዱን ራስ መሥራት ግማሹ ጥናት ስለሆነ ከጥቅሉ ላይ የሚፈለገውን መርጦ በራስ ቃል ማስተካከሉ ያዋጣል።

ለሒሳብና ለፊዚክስ ስሌት ግን አንኪን አንመክርም፣ ቀመር ለመያዝ ካልሆነ በቀር። እዚያ የሚፈለገው የትኛው ዘዴ ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ መለየት ነው። ሮረርና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳዩት፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ በተከታታይ የሠሩ ተማሪዎች በልምምዱ ወቅት 89 በመቶ አገኙ፣ ቀላቅለው የሠሩት 60 በመቶ፤ ከሳምንት በኋላ በነበረው ፈተና ግን የመጀመሪያዎቹ ወደ 20 ሲወርዱ ቀላቃዮቹ 63 ላይ ቆዩ። ስለዚህ ወርክሺቱን በምዕራፍ በምዕራፍ ከመጨረስ፣ ከአራት ምዕራፍ ሦስት ሦስት ጥያቄ ቀላቅሎ በወረቀት ላይ መሥራት ነው።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ካርድ መጨመር አቁሙ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት «ከስተም ስተዲ» ውስጥ ገብታችሁ በቅርቡ የረሳችኋቸውን ካርዶች ብቻ አውጡ፣ እነሱን ከልሱ። የዋዜማው ሌሊት ለእንቅልፍ ይሁን።