በ2 ወር «ያለ ምንም ስህተት»? የማርቆስን የማታ እንግሊዝኛ ኮርስ ተምሬ ጨረስኩ

እንዴት ነው ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የቤቱን ስም አልጠራም። ደብረ ማርቆስ ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገ ከባለቤቱ ጋር አንድ ባጃጅ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት መቀመጤ አይቀርም።

ከሚያናድደው ልጀምር። ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፣ አንዱ መስኮት አይዘጋም። የማርቆስን የነሐሴ ማታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ ጋቢ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። መብራት ሲጠፋ በስልክ መብራት ነው የምንማረው። ሃንድአውቱ የኮፒ ኮፒ ስለሆነ ግማሹ አይነበብም። ከሁሉ የገረመኝ ግን በሩ ላይ የተሰቀለው ባነር ነው። በአማርኛ «እንግሊዝኛን ያለ ምንም ስህተት በ2 ወር!» ይላል። ከሥሩ ያንኑ በእንግሊዝኛ ጽፈው «ሚስቴክ» የምትለዋን ቃል የመጨረሻዋን ፊደል ገድፈዋታል። ስህተት የሚለውን ቃል ራሱን ተሳሳቱት ማለት ነው። እዚያው ልመለስ ነበር፣ ግን የመጀመሪያውን ወር 700 ብር ከፍያለሁ።

ደግነቱ አልተመለስኩም። ቲቸሩ ሌላ ሰው ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ገብቶ ምንም ሳይል ሰሌዳው ላይ በአማርኛ «ትናንት ስህተት ሠራሁ» ብሎ ጻፈና በእንግሊዝኛ ጻፉት አለን። አሥራ ሰባት ነበርን። እኔን ጨምሮ አብዛኞቻችን «አይ ዲድ ሚስቴክ» ብለን ጻፍን፣ አንዱማ «አይ ወርክድ ሚስቴክ» ብሎ አረፈው። አትፍረዱበት። በእኛ ቋንቋ ቤትም ይሠራል፣ ወጥም ይሠራል፣ ስህተትም ይሠራል፣ አንዱ «ሠራ» ሁሉንም ተሸክሞ ይዞራል፤ እንግሊዝኛው ግን ለስህተት የሚፈልገው «ሜክ»ን ነው። «አይ ሜድ ኤ ሚስቴክ»። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ዱ ቢሆን ምን ነበረበት?» አለችው። «አንቺስ ለምን ስህተት አደረግሁ አትይም?» አላት። ክፍሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ እኔ ግን የገባኝ ያኔ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሰዋስው ስማር እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም።

ከዚያ ያቺን ትንሿን «ኤ» ያዘ። እኛ ስንጽፍ ሁልጊዜ የምንጥላት እሷን ነው፣ ምክንያቱም አማርኛ አይፈልጋትም። «ሚስቴክ» የሚቆጠር ነገር ነው፣ እንደ እንቁላል። አንድ ከሆነ «ኤ ሚስቴክ»፣ ሲበዛ «ሜኒ ሚስቴክስ»። «ማች ሚስቴክ» የሚባል የለም። ይኼን ለማሳየት ሃንድአውቱን አንስቶ «እዚህ ገጽ ላይ ስንት አለ?» ብሎ አስቆጠረን። አራት አገኘን። የገዛ ቤቱን ወረቀት! ባለቤቱ ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ።

በማግስቱ «በስህተት» የሚለውን አመጣ። ይኼ ለእኔ የራሴ ቁስል ነው፣ ባለፈው በቴሌብር ብር ልልክ ስል አንዷን ቁጥር አሳስቼ ለማላውቀው ሰው 500 ብር ልኬያለሁ። ስለዚህ ምሳሌ ሲጠይቅ እጄን አወጣሁና «አይ ሴንት ኢት ባይ ኤ ሚስቴክ» አልኩ። ትናንት «ኤ»ን አትጣሉ ብሎን የለ? ዛሬ ጣላት አለኝ። «ባይ ሚስቴክ» ብቻ ነው፣ እንዳለ የሚያዝ። ሌላው «ሚስቴክሊ» ብሎ ሞከረ፣ እንደዚያ የሚባል ቃልም የለም፣ ያለው «ሚስቴከንሊ» ነው። ብሩ ተመልሷል፣ ሰውዬው ጨዋ ነበር።

ሦስተኛው ማታ ነው ጥሩው። «ሚስቴክ»፣ «ኤረር»፣ «ፎልት» ብሎ ጎን ለጎን ጻፈ። «ፎልት» ለእኛ ይቀላል፣ ጥፋት ማለት ነው፣ የማን ጥፋት ነው ስንል ተጠያቂ እንደምንፈልገው። «ኤረር» ከበድ ይላል፣ በሪፖርትና በኮምፒውተር ላይ የምታዩት እሱን ነው፤ ስልካችሁ ሲበላሽ «ኤረር» ይላችኋል እንጂ «ሚስቴክ» አይላችሁም። ቋንቋ የሚያጠኑ ሰዎች ደግሞ ሌላ ልዩነት አላቸው። ፒት ኮርደር የሚባል ምሁር በፈረንጆቹ 1967 ያመጣው ነው። ደንቡን እያወቅህ ቸኩለህ ወይም ደክሞህ ከተሳሳትክ ያ ሚስቴክ ነው፣ ራስህ ታርመዋለህ። ደንቡን ገና ካላወቅኸው ግን ኤረር ነው፣ አንድ ነገር በዚያው ዓይነት ደጋግመህ ትስታለህ። ይኼ በተራ ወሬ ላይ ያን ያህል አይጠበቅም። የኔ «ዲድ ሚስቴክ» ግን እንግዲህ የአሥራ ሁለት ዓመት ኤረር ነው።

«ኤረር» ከላቲን መጣ፣ ሥሩ መንከራተት፣ መንገድ ለቆ መዞር ነው ሲለን አንድ ሰው ከኋላ «ሳተ!» አሉ። ጋሼ ናቸው፣ ከሁላችን ይበልጣሉ፣ በልጅነታቸው ጎንጅ ቅኔ ቤት የነበሩ። እውነታቸውን ነው። እኛስ መንገድ ሳተ፣ ኢላማ ሳተ አይደል የምንለው፣ ስህተትም ከዚያው ነው። ቲቸሩ ራሱ አላሰበውም ነበር፣ ጠመኔውን ይዞ ቆመ።

ስለ እሳቸው ካነሳሁ አይቀር፣ ቲቸሩ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ አቁሞ ያርምሃል። ብዙ ሰው ይኼን አልቻለውም፣ አፈረ፣ ቀረ። ከአሥራ ሰባት የጨረስነው ዘጠኝ ነን። ጋሼ ግን ግድ አልሰጣቸውም። ሌሊት የቆጠሩትን ጉባኤ ቃና (ባለ ሁለት ቤቱን አጭር ቅኔ) ጠዋት ለየኔታ ሲነግሩ፣ ሲታረሙና እንደገና ሲመለሱ ነው ያደጉት። እነ ዋሸራና ዲማን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር በእርማት መኮራረፍ ትንሽ ይገርማል።

እና ልሂድ ወይ ለምትሉኝ፣ መጻፍ ከሆነ የምትፈልጉት ሂዱ። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ለመውጫ ፈተና የሚያነቡ ተማሪዎችም ይጠቀማሉ። መናገር ከሆነ አይሆንም፣ በሳምንት አሥራ አምስት ደቂቃ ቢደርሳችሁ ነው። ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ቲቸሩ ያው መሆኑን ጠይቁ፣ ሌላኛው ፈረቃ ላይ ያለው ሃንድአውቱን ብቻ እንደሚያነብ ሰምቻለሁ።

ሰርተፊኬቴን ዓርብ ወሰድኩ። የአባቴ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። ለጸሐፊዋ አሳየኋት፣ አየችው፣ ደነገጠች። «ውይ ይቅርታ ወንድሜ፣ ዊ ዲድ ሚስቴክ» አለችኝ። ዝም አልኩ። ማክሰኞ ተመለስ ተብያለሁ።