ገመድ አልባ የደኅንነት ካሜራ ለሰሜን ሸዋ ቤትና ድርጅት፦ የአምስት ዓይነቶች ንጽጽር

የደኅንነት ካሜራ ሊገዛ ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲና ወይም በመሐል ሜዳ ለሚኖር ገዢ ከዚያ በፊት መመለስ ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ መብራት ሲጠፋ ካሜራው በምን ይሠራል? የቀረጸው ምስልስ የት ይቀመጣል? በገበያው ላይ የሚገኙትን አምስት ዓይነቶች እዚህ የማነጻጽረው በዋናነት በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ነው።

የምስሉ ማስቀመጫ ጉዳይ በአካባቢያችን ቀላል ነገር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ምስሉን በኢንተርኔት ወደ ውጭ አገር ማከማቻ ብቻ የሚልክ ካሜራ እንዲህ ባለ ጊዜ ለባለቤቱ የሚያስቀርለት ነገር የለም። የዚህ ዓይነቱ ማከማቻ ወርሃዊ ክፍያም በአብዛኛው የሚፈጸመው በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ስለሆነ ለብዙ ሰው የሚመች አይደለም። ስለዚህ የትኛውም ዓይነት ቢመረጥ ካሜራው ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓትም በቦታው መቅረጹን መቀጠል የሚችል መሆኑ እንደ መነሻ መስፈርት መያዝ አለበት።

በራውተር ላይ የሚሠራው የሶኬት ካሜራ

ይህ ከቤት ራውተር ጋር በዋይፋይ የሚገናኝና በአዳፕተር አማካይነት ከሶኬት ኃይል የሚወስድ ካሜራ ነው። ታፖ፣ ኢዝቪዝና አይሙ በዚህ ክፍል የታወቁ ስሞች ናቸው፤ ኢዝቪዝ ከሂክቪዥን፣ አይሙ ደግሞ ከዳሁዋ የወጡ ናቸው። ትልቁ ብልጫው ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ መቅረጽ መቻሉ ነው። በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በቀን 21.6 ጊጋባይት ያህል ስለሚሞላ፣ 128 ጊጋባይት የሆነ ሚሞሪ ካርድ ከአምስት እስከ ስድስት ቀን ያለውን ይይዛል፤ ኤች 265 የተባለውን አዲሱን የምስል መጭመቂያ የሚጠቀምና ፍጥነቱ ወደ 1 ሜጋቢት የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ቀኑ በእጥፍ ይጨምራል። ካርዱ ሲሞላ ካሜራው የቆየውን እያጠፋ ይቀጥላል። ለዚህ ሥራ የሚገዛው ካርድ ያለማቋረጥ ለመቅረጽ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ለስልክ የሚሸጠው ተራ ካርድ እየተጻፈበትና እየጠፋ ሲሠራ በቶሎ ይበላሻል።

ድክመቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የዋይፋዩ ርቀት ነው። አብዛኞቹ እነዚህ ካሜራዎች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ ከ5 ጊጋኸርዝ ይልቅ ግድግዳ አልፎ መሄድ ቢችልም፣ እንደ መንዝ ባሉ አካባቢዎች የሚሠራውን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚተርፈው ኃይል ትንሽ ነው፤ የቆርቆሮ አጥርና የብረት በር ደግሞ ከድንጋዩም በላይ ያግዱታል። ካሜራውን ከመግዛት በፊት ስልክ ይዞ ካሜራው በሚሰቀልበት ቦታ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቪዲዮ ለማየት መሞከር ከየትኛውም የማሸጊያ ጽሑፍ የበለጠ እውነቱን ይናገራል። የዋይፋይ ጥንካሬ የሚለካ አፕሊኬሽን ያለው ሰው ንባቡ ከሲቀነስ 70 ዲቢኤም (የሞገድ ጥንካሬ መለኪያ) የደከመ፣ ለምሳሌ ሲቀነስ 80 ሆኖ ካገኘው ራውተሩን ማስጠጋት ወይም ሌላ ዓይነት መምረጥ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ድክመት የበለጠ ያሳስበኛል፤ የተቀረጸው ምስል ያለው ካሜራው ሆድ ውስጥ በሚገኘው ካርድ ላይ መሆኑ ነው። ካሜራውን ነቅሎ የወሰደ ሌባ ማስረጃውንም አብሮ ይወስዳል። ስለዚህ ይህን ዓይነት የሚገዛ ሰው ሁለት ካሜራ ገዝቶ አንዱ ሌላውን እንዲያይ አድርጎ ቢሰቅል፣ ወይም ቢያንስ እጅ በቀላሉ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

ከዚሁ ዘመድ የሆነው የአምፖል ካሜራ በአምፖል መያዣ ላይ የሚጠመዘዝ፣ ለመግጠም ባለሙያ የማያስፈልገውና በዋጋም ከሁሉም የሚቀንስ ነው። ነገር ግን በብዙ ቤት የውጭው መብራት የሚበራውም የሚጠፋውም በግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ ስለሆነ፣ ከቤተሰቡ አንዱ ሲነጋ መብራቱን ሲያጠፋ ካሜራውም አብሮ ይጠፋል። አብዛኞቹም ዝናብ ለመቋቋም የተሠሩ አይደሉም። ለሱቅ ውስጥ ወይም ጣሪያ ላለው በረንዳ፣ ያውም ማብሪያ ማጥፊያው ተዘልሎ መስመሩ በቀጥታ ከተገናኘ፣ ሊያገለግል ይችላል፤ ለግቢ በር ግን አልመክረውም።

በባትሪና በሶላር የሚሠራው የዋይፋይ ካሜራ

ኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት በማይቻልበት የግቢ ጥግ ይህ ካሜራ ይማርካል። ሆኖም አሠራሩ ከሶኬቱ ካሜራ በመሠረቱ ይለያል። ባትሪውን ለመቆጠብ ሲል ብዙውን ጊዜ ተኝቶ ይቆያል፤ የሰውነት ሙቀት የሚለየው መሣሪያው እንቅስቃሴ ሲያገኝ ብቻ ነቅቶ ይቀርጻል። በዚህ ምክንያት ፈጥኖ ያለፈ ሰው ጀርባው ብቻ ሊገኝ ይችላል። የሙቀት መለያው ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ከሚመጣ ሰው ይልቅ ከጎን ወደ ጎን የሚያልፈውን አስቀድሞ ስለሚለይ፣ መንገዱን በአግድም እንዲያይ ተደርጎ መሰቀል አለበት። በግ፣ ውሻና አህያ በሚመላለሱበት ግቢ ደግሞ ካሜራው በየጊዜው እየነቃ ባትሪውን ይጨርሳል፤ ባለቤቱም የማያስፈልገው የማስጠንቀቂያ መልእክት ብዛት ሲያስመርረው ማሳወቂያውን ወደ ማጥፋት ይሄዳል።

የአየር ንብረቱም ከግምት መግባት አለበት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል። የሊቲየም ባትሪ በቅዝቃዜ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ማድረግም ባትሪውን ይጎዳዋል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ስለሚሞላ የሁለተኛው ጉዳት ስጋት ያን ያህል አይደለም። የሚያሳስበው የሐምሌና የነሐሴ ጉም ነው፤ በጣርማ በርና በአንኮበር አካባቢ ለቀናት ፀሐይ የማይታይበት ጊዜ ስላለ፣ ትንሽ ሶላር ያለው ካሜራ በክረምት እየወረደ ሄዶ ሊጠፋ ይችላል። በሸዋ ሮቢት ቆላ ይህ ችግር የለም፤ እዚያ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ካሜራው በጋለ ቆርቆሮ ሥር እንዳይለጠፍ ነው። ሶላሩን በተመለከተ፣ እኛ ካለንበት ኬክሮስ የተነሣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ፣ ፓኔሉን ወደ ደቡብ አብዝቶ ማዘንበል አያስፈልግም፤ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው የሚበቃ ጥቂት ተዳፋት ይበቃዋል።

በሲም ካርድ የሚሠራው ካሜራ

ራውተር በሌለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በቀወትና በኤፍራታ ግድም ቆላ ሽንኩርትና ማሾ በሚመረትበት እርሻ ላይ የውኃ ፓምፕ ለሚያስጠብቅ ገበሬ፣ ወይም ከከተማ ወጣ ብሎ መጋዘን ላለው ነጋዴ፣ ሲም ካርድ የሚገባበትና ከትልቅ ሶላር ጋር የሚመጣው ካሜራ ሌላ ተወዳዳሪ የለውም። ለቤት ግን ከራውተሩ ካሜራ ጋር ሲወዳደር ወጪው ከፍ ያለ ነው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚልክ ካሜራን ለአንድ ሰዓት በስልክ ማየት 450 ሜጋባይት ይፈጃል፤ ቀኑን ሙሉ ከፍቶ መተው ደግሞ ከ10 ጊጋባይት በላይ ነው። ባለቤቱ በቀጥታ ማየትን ለሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ አድርጎ ቀሪውን ለሚሞሪ ካርዱ ከተወለት ግን ፓኬጁ ይበቃዋል፤ ፓኬጁ ቢያልቅም ካሜራው በካርዱ ላይ መቅረጹን አያቆምም።

ከመግዛት በፊት የራስን ሲም ሱቁ ውስጥ አስገብቶ መሞከር ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ካሜራ የሚደግፈው የፎርጂ ሞገድ ከእኛ ኔትወርክ ጋር ላይገጥም ይችላል። የሲሙ ሚስጥር ቁጥር ጥያቄ አስቀድሞ በስልክ መጥፋት አለበት። ደብረ ሲናን በመሰለ ገደላማ ቦታ ደግሞ ኔትወርኩ በጥቂት እርምጃ ልዩነት ስለሚለዋወጥ፣ ፍተሻው መደረግ ያለበት ምሰሶው በሚተከልበት ትክክለኛ ነጥብ ላይ ነው።

ከኤንቪአር ጋር የሚመጣው ስብስብ

አራት ወይም ስምንት ካሜራ ኤንቪአር ከሚባል አንድ መቅረጫ ጋር በአንድ ካርቶን የሚሸጠው ይህ ስብስብ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው፣ ለእኔ ግን ለመካከለኛ ግቢና ለድርጅት ቀዳሚ ምርጫ የሆነው ነው። መቅረጫው የራሱን ዋይፋይ ያወጣል፤ ካሜራዎቹም በቀጥታ ከእርሱ ጋር ይገናኛሉ። ስለዚህ ለመቅረጽ ራውተርም ኢንተርኔትም አያስፈልገውም፤ ኢንተርኔት የሚፈለገው ከርቀት በስልክ ለማየት ብቻ ነው። ምስሉ ቤት ውስጥ በተቆለፈ ክፍል ባለ ሀርድ ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ ሌባ ካሜራውን ቢነቅልም ፊቱ ተቀርጾ ይቀራል። 1 ቴራባይት ዲስክ ለአራት ካሜራ፣ እያንዳንዳቸው በ2 ሜጋቢት ቢቀርጹ፣ አሥራ አንድ ቀን ያህል ይይዛል።

ጉድለቱ እያንዳንዱ ካሜራ በየቦታው የኃይል መስመር መፈለጉና የካርቶኑ የርቀት ቁጥር በክፍት ሜዳ የተለካ መሆኑ ነው። ግድግዳ በበዛበት ግቢ መቅረጫውን ወደ ካሜራዎቹ በሚቀርብ ክፍል ማስቀመጥ ወይም አንዱ ካሜራ የሌላውን ምስል እንዲያስተላልፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ገና ቤት እየሠራ ላለ ሰው ግን ምክሬ የተለየ ነው፦ ግድግዳው ሳይለሰን ገመድ ያስቀብር። ኃይልንና ምስልን በአንድ የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር የሚያደርሰው አሠራር ከየትኛውም ገመድ አልባ ካሜራ የበለጠ አስተማማኝ ነው።

የመብራት መጥፋትን በተመለከተ በሶኬት የሚሠሩት ዓይነቶች ሁሉ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ ይፈልጋሉ። ለኮምፒዩተር በተለምዶ የሚሸጠው ትንሽ ዩፒኤስ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ፣ ማለትም በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ራውተርና ሁለት ካሜራ በድምሩ 20 ዋት ቢወስዱ አራት ሰዓት ሊያቆይ ይገባው ነበር፤ ኃይሉ ወደ 220 ቮልት ተለውጦ እንደገና ሲወርድ ስለሚባክን በተግባር ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ነው። በቀጥታ 12 ቮልት የሚሰጡት ትንንሾቹ ዩፒኤሶች ይህን ብክነት ስለሚያስቀሩ ለዚህ ሥራ ይሻላሉ፤ የካሜራው አዳፕተር 5 ቮልት ወይም 12 ቮልት መሆኑን ማረጋገጥ ግን አይዘንጋ።

ከመብራት ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ርካሽ ካሜራዎች ኃይል ሲቋረጥ ሰዓታቸውን ይረሱና ሲበሩ ከኢንተርኔት ይጠይቃሉ። ኢንተርኔቱም አብሮ ከሌለ የቀረጹት ሁሉ የተሳሳተ ቀን ይይዛል፤ እንዲህ ያለ ምስል ለፖሊስ ሲቀርብ ክርክር ያስነሣል። መቅረጫው የራሱ የሰዓት ባትሪ ስላለው ኤንቪአሩ በዚህም ይበልጣል።

ሌንስን ስንመለከት፣ 2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ሰፊ ቦታ ቢያሳይም በ2 ሜጋፒክስል ካሜራ ከአራት ወይም ከአምስት ሜትር በላይ ያለን ፊት ለመለየት ያስቸግራል። ለግቢ በር 4 ሚሊሜትሩ ይሻላል። ለውጭ የሚሰቀለው አቧራና ውኃ መቋቋሙን የሚያሳየው አይፒ 66 ወይም 67 የሚል ምልክት ይኑረው። ጉም በሚበዛበት ቦታ ካሜራው በጨለማ ለማየት የሚያወጣው የኢንፍራሬድ ብርሃን ከጉሙ ላይ ተመልሶ ምስሉን ነጭ ስለሚያደርገው፣ ከካሜራው ራቅ ብሎ የተተከለ ተራ የውጭ መብራት የተሻለ የሌሊት ምስል ይሰጣል።

በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው የኮምፒዩተር ቫይረስ በዓለም ዙሪያ በርካታ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የተቆጣጠረው ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ሳይቀየር በመቅረቱ ነው። ስለዚህ ገጣሚው ሥራውን ጨርሶ ከመሄዱ በፊት ባለቤቱ ራሱ አዲስ የይለፍ ቃል ያስገባ፤ አፕሊኬሽኑም በገጣሚው ስልክ ሳይሆን በባለቤቱ ስልክና አድራሻ ይመዝገብ። ካሜራው የጎረቤትን ግቢና መስኮት እንዳያይ መዞር፣ ይህ ካልተቻለም ያ ክፍል በካሜራው ማስተካከያ መሸፈን አለበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ይጠብቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ሠራተኛ ያለው ድርጅት ካሜራ መኖሩን የሚገልጽ ጽሑፍ በመግቢያው ላይ ይለጥፍ፤ በልብስ መቀየሪያና በመጸዳጃ አካባቢም በምንም ምክንያት ካሜራ አይስቀል።