ሕመምተኛ ይዞ ከደሴ አዲስ አበባ፦ አውሮፕላን፣ አውቶቡስ ወይስ ኮንትራት?

ሪፈር ተጽፎላችሁ ከደሴ አዲስ አበባ ልትሄዱ ነው እንበል። ቤተሰብ ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚነሳው ዋጋ ነው፤ ቀጥሎ ሰዓት። እኔ ግን ከሌላ ጥያቄ ጀምሩ እላለሁ። ሕመምተኛው የማይችለው የመንገዱን የቱን ክፍል ነው? ቀጠሮው ቢዛወርስ የትኛው ቲኬት አብሮ ይዛወርላችኋል?

አክስቴ የልብ ድካም አለባት። አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ወሰድኳት። እንደለመደችው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የሽንት መድኃኒቷን ዋጠች። ሐርቡን ሳናልፍ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ልጄ፣ አስቁምልኝ» አለችኝ። ረዳቱ «ቁርስ ላይ እንቆማለን» አለ። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠምጥማ ያዘች። ቁርስ ቦታ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረችም። የጣርማበር ዳገት ላይ ደግሞ ትንፋሿ አጠረ። ያን ቀን ርካሹን ቲኬት በመምረጤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አውሮፕላን

ለደሴ ሰው ቅርቡ ኤርፖርት ኮምቦልቻ ነው፤ ከዚያ ቦሌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ብዙ ሰው «የልብ ሕመምተኛ አውሮፕላን ላይ አየር ያጥረዋል» ብሎ ይፈራል። እስቲ ከፍታውን እናስተያይ። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢሳሳ ቢሳሳ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ነው። ደሴ ራሷ ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው የሚከብደው በረራው ሳይሆን ዳገቱ ነው።

ሁሉም ይብረር ማለቴ አይደለም። በቅርብ ቀናት የልብ ድንገተኛ ሕመም የገጠመው፣ ሆዱን ወይም ደረቱን የተከፈተ፣ ሳንባው ዙሪያ አየር የገባበት ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይበርም። አየር መንገዶች ለዚህ ሐኪም የሚሞላው ቅጽ አላቸው። ተሽከርካሪ ወንበር የምትፈልጉ ከሆነ ቲኬት ስትቆርጡ ተናገሩ እንጂ ኤርፖርት ደርሳችሁ አይሁን። ኦክስጅን ከሆነ ደግሞ ሳታስፈቅዱ ሲሊንደር ይዛችሁ አትሂዱ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛም አትርሱ፤ የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ ከደሴ ቀደም ብላችሁ ውጡና ቀስ ብላችሁ ውረዱ።

ቲኬት መቀየር ላይ ልዩነቱ ያለው በቲኬቱ ዓይነት ነው። ርካሹ ሲቀየር ቅጣት አለው፤ የዋጋ ልዩነትም ይጨመርበታል። ከሁሉም የከፋው ሳይናገሩ መቅረት ነው። ሕመምተኛው ሌሊት ቢብስበት እንኳ ከበረራው በፊት ደውሉ። የመሄጃውን ዝም ብላችሁ ከቀራችሁ መመለሻውም ሊሰረዝባችሁ ይችላል።

አውቶቡስ

መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ስኳሩና ግፊቱ በመድኃኒት ለተስተካከለ፣ በደንብ ለሚራመድ ሰው ትልቁ አውቶቡስ ይበቃል። ዋጋውም አይጎዳም።

ኢንሱሊን የያዘ ሰው ግን ይጠንቀቅ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወድም። ከታች ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ወይም መስኮት ሥር አታድርጉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙት። ዳቦና ብስኩትም አብራችሁ ያዙ። ምሳ ቢዘገይ ስኳር ሊወርድ ይችላል። እግር እንዳያብጥ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዶ መራመድ ነው። የሽንት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በጉዞ ቀን ስንት ሰዓት ይዋጠው የሚለውን ሐኪሙን ይጠይቅ። በራስ ፈቃድ መተው አደጋ አለው።

ቀን መቀየር የሚቻለው አስቀድሞ ቢሮ ሄዶ ሲነጋገሩ ነው። መኪናው ከወጣ በኋላ ገንዘቡን ማስመለስ ከባድ ነው። የሌሊት ሚኒባስን ንጽጽሩ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ለሕመምተኛ አልመክረውም።

ኮንትራት

ውድ ነው። ግን ሲፈልጉ ይቆማል፤ ወንበሩ ይዘረጋል፤ ጣርማበር ላይ ትንፋሽ ካጠረም ሳይዘገይ ወደ ታች ያወርዳል። ቀዶ ሕክምና ላደረገ፣ ወገቡን ለሚያመው፣ ሽንት ለሚያቻኩለው ሰው የሚሻለው ይሄ ነው። ሦስት አራት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከአውሮፕላኑ ጋር አስሉት።

ችግሩ ቀብዱ ላይ ነው። ጉዞው በሕመም ምክንያት ቢዛወር ቀብዱ ለሌላ ቀን ይያዝልናል ወይስ ይቀራል? ይህን ከሹፌሩ ጋር በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጨርሱ፤ የስልክ መልእክትም ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዓይን ሬቲና ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዓይኑ ውስጥ ጋዝ የተሞላለት ሰው ሲመለስ መብረርም በጣርማበር ማለፍም የለበትም። ከፍ ባለ ቁጥር ጋዙ ይሰፋል፤ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ጋዙ እስኪጠፋ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ማረፍ ነው።

የኔ ምርጫ? ለልብና ለሳንባ፣ ሐኪም ከፈቀደ፣ አውሮፕላን። ለተቆረጠና ለተሰፋ ኮንትራት። ለተረጋጋ ሕመምተኛ አውቶቡስ። አክስቴን ሁለተኛ ጊዜ የወሰድኳት በአውሮፕላን ነው፤ መሄጃውን ብቻ ቆርጬ። ሐኪሙ ቀጠሮውን በ10 ቀን ሲያራዝመው የምንቀይረው ቲኬት አልነበረንም።